ሄኖኬ፣ ካርቶኑን ከመክፈትህ በፊት

ሄኖኬ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ስንት ጊዜ ሆነን ባክህ! እኔ "እሱ ይደውል" ስል፣ አንተም መቼም እንደዛው ስትል፣ ልጅህ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች። ፎቶዋን ያየሁት እህትህ ፌስቡክ ላይ ነው። ትደግልህ፣ ቁርጥ አንተን። ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ የላክኸው የድምፅ መልእክት "ሌጀር ገዛሁ፣ እንዴት ነው የሚከፈተው?" የሚል መሆኑ ግን አሳቀኝ። ሌጀር ያልከው ያው በስሙ የሚጠራው ድርጅት የሚሠራት፣ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ቁልፍ የምትይዘው መሣሪያ መሆኗ ነው። እኔም በድምፅ ልመልስልህ ነበር። በኋላ፣ መሣሪያውን ስታዘጋጅ አጠገብህ እንዲሆን ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ያልወደድኩትን ልንገርህ። "እዚህ ዱባይ፣ ዴይራ ያለ ልጅ በቅናሽ ሸጠልኝ፣ ተከፍቷል እንጂ አልተነካም" ያልከውን። መልስለት። ገንዘቡን እምቢ ካለ ይብላው፤ አንተ እሱ ላይ ብር እንዳታስቀምጥ። ላስቲኩ ታሽጓል አልታሸገም አይደለም ቁም ነገሩ፣ ላስቲክ ማንም ያሽጋል። በጣም የተለመደው ማጭበርበሪያ እንዲህ ነው፦ ካርቶኑ ውስጥ ገንዘብህን የሚያስከፍቱት 24 የምስጢር ቃላት አስቀድመው የተጻፉበት ወረቀት ይመጣል፣ "የእርስዎ የምስጢር ቃላት እነዚህ ናቸው" ይላል፣ አንተም ታምናለህ፣ ገንዘብህን ታስገባለህ፣ የጻፈው ሰውዬ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አዲስ መሣሪያ ቃላቱን ራሱ፣ ዓይንህ እያየ፣ በራሱ ስክሪን ላይ ነው የሚያወጣው። ከድርጅቱ ድረ ገጽ እዘዝ። ከመሣሪያው ጋር የሚሠራውን አፕም አድራሻውን በእጅህ ጽፈህ ከዚያው አውርድ እንጂ ጎግል ላይ ፈልገህ የመጀመሪያውን እንዳትነካ። እ.ኤ.አ. በ2023 የማይክሮሶፍት ስቶር ላይ እንኳን የሌጀር የሐሰት አፕ ገብቶ የብዙ ሰው ገንዘብ ጠርጓል።

አሁን ዋናው። ቢትኮይንህ እዚያች ዕቃ ውስጥ የለም። ኔትወርኩ ላይ ነው ያለው፤ ዕቃዋ የያዘችው ለማንቀሳቀስ የሚያስችልህን ቁልፍ ብቻ ነው። 24ቱ ቃላት ያንን ቁልፍ በሌላ መሣሪያ ላይ፣ በሌላ ድርጅት ዕቃም ቢሆን፣ እንደገና ይፈጥሩታል። ስለዚህ ዕቃዋ ብትሰረቅ፣ ብትሰበር፣ ባሕር ብትገባ አትደንግጥ። ወረቀቱ ግን ገንዘቡ ራሱ ነው።

በእጅህ ጻፋቸው፣ በትልልቁ ፊደል። የእጅ ጽሑፍህን የኬሚስትሪ ኖትህን ከምዋስህ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እባክህ እንደዛ አትጻፍ። ቃላቱ የሚመጡት 2048 የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ይለያያሉ፣ ቢያንስ እነሱ በደንብ ይነበቡ። ቅደም ተከተሉም እንዳይዛባ።

ፎቶ እንዳታነሳቸው! ፓስፖርቱንም የኤምሬትስ መታወቂያውንም ቴሌግራም ላይ ለራሱ የሚልክ ሰው ስለሆንክ ነው የምጮኸው። ፎቶው ሳታውቀው ክላውድ ላይ ይወጣል። ኖት ላይም፣ ኢሜይል ላይም፣ ኮምፒውተር ላይም አይጻፍ። ቃላቱን የምታስገባበት ቦታ የመሣሪያው ስክሪን ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ማንም ቢጠይቅህ ሌባ ነው። ሌጀር እ.ኤ.አ. በ2020 ከ270 ሺህ በላይ የሚሆኑ ደንበኞች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ ሾልኮበት ነበር። በዓመቱ ለአንዳንዶቹ የተነካካ መሣሪያ ከ"ድርጅቱ" ደብዳቤ ጋር በፖስታ መጣላቸው፤ "አሮጌውን ቀይር፣ ቃላትህን እዚህ አስገባ" የሚል። ደብዳቤ፣ ጥሪ፣ ቴሌግራም ላይ "ሰፖርት ነኝ" የሚል ሰው፣ ሁሉም ያው ነው።

ፒኑን ስምንት አሃዝ አድርገው። የስልክህ ፒን አይሁን፣ እሱን አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትክ መሣሪያው ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ዋናውን ገንዘብ ሳታስገባ ይህንን ሆን ብለህ አድርገው። ማለቴ፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ብትጠፋ የማትቆጭባትን ላክ፤ ከዚያ ፒኑን ሦስት ጊዜ አሳስተህ አጥፋው፤ ከወረቀቱ መልሰው። ያቺው ትንሽ ገንዘብ ከመጣች ወረቀትህ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል፣ አንድ ቃል አሳስቶ መጻፉን የሚያውቀው ዕቃው የተበላሸ ቀን ነው።

ስትቀበልም አድራሻውን ስልክህ ላይ ብቻ አይተህ አትመን፣ በመሣሪያው ስክሪን ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ኮፒ ያደረግኸውን አድራሻ በራሳቸው የሚቀይሩ ቫይረሶች አሉ። ዩኤስዲቲን፣ ያን በዶላር ልክ የሚሄደውን ክሪፕቶ፣ ደግሞ ትሮን በሚባለው ኔትወርክ ነው የምትይዘው አይደል? ኔትወርኩን ሳታረጋግጥ እንዳትልክ። መልሰህ ለማውጣት ለማስተላለፊያ ክፍያው የትሮን የራሱ ገንዘብ (TRX) ጥቂት ያስፈልግሃል፣ አብረህ አስገባ፣ አለበለዚያ ገንዘቡን እያየኸው ትቀመጣለህ።

ወረቀቱን የት ታስቀምጥ? እዚህ ላይ አሰብኩልህ። አራት ሆናችሁ የምትኖሩበት ክፍል፣ የሻንጣ ቁልፍ እንኳን የሌለበት። 25ኛ ቃል፣ ፓስፍሬዝ የሚባል፣ በ24ቱ ላይ አንተ ራስህ የምትጨምረው ምስጢር አለ፤ ወረቀቱን ያገኘ ሰው ያለ እሱ ዋናውን ገንዘብ አያገኝም። እኔ አሁን አትጀምረው ባይ ነኝ። በአንድ ፊደል ብትሳሳት "ተሳስተሃል" አይልህም፣ ዝም ብሎ ባዶ ዋሌት (የገንዘብ ቦርሳ) ነው የሚከፍትልህ፣ አንተም ተዘረፍኩ ብለህ ታብዳለህ። ከለመድከው በኋላ እናስገባዋለን። ወረቀቱን ቆርጠህ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ማድረግም ይቅር፣ አንዱ ከጠፋ ሁለቱም ጠፉ። ሁለት ሙሉ ቅጂ ጻፍ። አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ አገር ቤት ለዕረፍት ስትገባ በእጅህ ይዘኸው ሄደህ ባለቤትህ ሰናይት ጋ። በሰው እንዳትልከው።

ለሰናይት ምን እንደሆነ ንገራት፣ በደንብ። አንተ አንድ ነገር ብትሆን እሷና ልጅህ በማያውቁት 24 የእንግሊዝኛ ቃል ምን ያደርጋሉ? ማንን እንደምትጠይቅ፣ ለማንስ እንደማታሳይ ጻፍላት። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ማስጠንቀቁንም ትወቀው፣ ሜዳ ላይ ደላላ ፍለጋ እንዳትወጣ።

አዲሱ ዕቃ ሲደርስህ በቦቲም፣ በመደወያው አፕ፣ በቪዲዮ ደውልልኝ፣ አብረን እናዘጋጀዋለን። እኔ ከሥራ የምወጣው ለናንተ ሊነጋ ሲል ነው፤ አንተ ዕረፍት የሆንክበትን ቀን ምረጥ፣ ልጆቹ ክፍል የማይኖሩበትን ሰዓት። ቃላቱ መውጣት ሲጀምሩ ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ አዙረው። እኔም ማየት የለብኝም።

ሰናይትን ሳምልኝ። ልጅቷንም።

ያንተው ዮናስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ