የፕሮፍ መሳቢያ እንዳይዘጋ፦ ከስድስት ኪሎ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የአንድ መምህር የቀድሞ ተማሪዎች ነን። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ አንድ ክፍል ልንከራይ ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ጥሩ መብራት፣ ፕሪንተርና የመጻሕፍት መደርደሪያ ይገባበታል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ያነቡበታል፣ ይጽፉበታል፣ እርስ በርስ ይተራረሙበታል። ከዚያው ጋር ትንሽ የገንዘብ ቋት ይኖራል። ለፕሪንት፣ ለጥረዛና ለመሳፈሪያ የምትሆን። ለዚህ ነው እጃችንን የዘረጋነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አንድ መምህራችን ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመታት ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ ብቻቸውን ሲሠሩት ኖረዋል። አሁን ጡረታ ወጡ፤ ቢሯቸውንም አስረከቡ። መጽሐፎቻቸውን ለአዲሱ ክፍል ሰጥተውናል። በምትኩ የጠየቁን ነገር ቢኖር ስማቸው እንዳይነሳ ብቻ ነው። ስማቸው ከተነሳ ነገሩ ውዳሴ ይሆንና ተማሪው ይረሳል ባይ ናቸው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ እንደምንጠራቸው «ፕሮፍ» እንላቸዋለን። ያስተማሩት ሰው ማን እንደሆኑ አይጠፋውም።

መሳቢያዋንም እንደዚያው። የጠረጴዛቸው የላይኛዋ መሳቢያ ናት፤ ቁልፍ የላትም። ውስጧ ዝርዝር ብር፣ እስክሪብቶ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆሎ በፌስታል ይገኝ ነበር። የታክሲ ያጣ፣ ሃንድአውት ኮፒ ማድረጊያ የጎደለው፣ ከክፍለ ሀገር መርዶ መጥቶለት መሳፈሪያ የቸገረው፣ ሁሉም በሩን አንኳኩቶ ይገባል። ፕሮፍ ለምን ብለው አይጠይቁም። መዝገብም አልያዙም። የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ በዚህ ሳምንት የማንን ጽሑፍ አነበብክ? የማንንም ካላነበብክ የአንዱን ጓደኛህን ረቂቅ ያስይዙሃል። ሐሙስ ከሰዓት አስተያየትህን ይዘህ ትመጣለህ።

ሐሙስ ከሰዓት ያ ቢሮ ጢም ብሎ ይሞላል። ወንበር ስለማይበቃ የመስኮቱ ደፍ ላይ የሚቀመጥ አለ። ሻይ በፔርሙዝ ይመጣል። አንዱ የጽሑፉን አንድ ምዕራፍ ያነባል። ሕግ የሚያጠናው፣ የጂኦግራፊዋ ተማሪ፣ ከሥነ ጽሑፍ ክፍል የመጣችው፣ ከአራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ዳገቱን የወጣው፣ ሁሉም ያዳምጣል። ደንቡ አንድ ነበር። ከመተቸትህ በፊት የሰማኸውን በራስህ ቃል ትናገራለህ። ጸሐፊው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ትችት አይጀመርም። በዚህ ደንብ ስንት ትችት ሳይጀመር ቀረ! ለካ ግማሹ ክርክራችን ማንም ባልተናገረው ነገር ላይ ነበር። ካፌና ዶርም የማያገናኛቸው ሰዎች እዚያ ተዋወቁ። የተጋቡም አሉ፣ ግን ይህ ከጥሪው ጋር አይያያዝም።

ረቂቅ የሚያርሙት በእርሳስ ነው። ኅዳጉ ላይ አዘውትረው የሚጽፉት ጥያቄ «ይህን ማን ነገረህ?» የሚል ነው። መልስ ከሌለህ ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ትላካለህ። እዚያም ከታጣ ቁልቁል ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር ነው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዝ በጥራዝ ስታገላብጥ ትውላለህ። ያኔ እናማርር ነበር። ዛሬ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲሰጠን መጀመሪያ የምንፈልገው እርሳስ ነው።

ተማሪን መንግሥት ያበላው የለም ወይ፣ ያሳድረው የለም ወይ የሚለን ሰው አለ። ልክ ነው። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት አሠራር የመደበኛ ዲግሪ ተማሪ ይመገባል፣ ዶርም ያድራል፣ ድርሻውን ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ችግሩ ከዚያ ውጪ ያለው ነው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። ኖን ካፌ የሆነው፣ ማለትም ግቢው ካፌ የማይመገበው፣ ያቺኑ በእጁ ተቀብሎ ይብቃቃ ነበር። በኋላ በጀቱ ተሻሽሏል፤ ገበያውም ቁጭ ብሎ አልጠበቀውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ አንዴ ታትሞ አያልቅም። ለአማካሪ ይታተማል፣ ታርሞ እንደገና ይታተማል፣ ለፈታኝ ይታተማል፣ በመጨረሻ ይጠረዛል። ይህ ሁሉ የሚደራረበው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። የገበሬ ልጅ በዚያ ወቅት ቤቱ ደውሎ ብር ላኩልኝ አይልም። ጎተራው የሚጎድልበት፣ ለዘርና ለማዳበሪያ የሚወጣበት ጊዜ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ያሉትን አይተው የሚለዩት ፕሮፍ ነበሩ።

ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ አይደለም ወይ ለሚለን፣ ተቋም ትልልቁን ይችላል እንላለን። ለ300 ብር ግን አይመችም። ማመልከቻው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም እስኪያርፍበት ማስረከቢያው ቀን ያልፋል። ማንንም መውቀሳችን አይደለም፤ የማንኛውም መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እንደዚያ ነው። ፕሮፍ ሃምሳውን ሎሚ ብቻቸውን ተሸክመው ኖሩ። እኛ ቁጥራችን ከሃምሳ እጅግ ይበልጣል።

ደግሞ ስድስት ኪሎ ለእንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አይደለም። ግቢው ራሱ ስጦታ ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በጥናትና ምርምር ተቋሙ ሙዚየም ከምናያቸው ቅርሶችና ሥዕሎች መካከል የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ የገዛቸው አሉ። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስንመካከር ረጅም ጊዜ የወሰደብን አንድ ጉዳይ ነበር። ገንዘቡን የሚቀበል ተማሪ ድሃ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከወረዳ ማስረጃ ያምጣ ያለ ነበር። ቅጽ ይሙላ ያለም ነበር። ሁለቱንም ጣልነው። ልጁ ለ40 ገጽ ፕሪንት ብሎ የአባቱን ችግር ማኅተም አስደርጎ እንዲያመጣ ካደረግነው፣ መሳቢያዋን ሳይሆን ቢሮክራሲውን ነው ያቋቋምነው። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ተስማማን። ለፕሪንትና ለጥረዛ ክፍያው ለኮፒ ቤቱ በቀጥታ ይሰጣል። የመሳፈሪያ በእጅ ይሰጣል፣ በሴሚስተር አንዴ። የወሰደ ሰው የሌላ ተማሪ ረቂቅ አንብቦ ሐሙስ ይገኛል። ያለው ተማሪ መጥቶ ቢወስድስ? ይውሰድ። ሐሙስ መጥቶ ረቂቅ ካነበበ አልከሰርንም።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፣ አንዷ አሁን በትምህርት ላይ ያለች። ፕሮፍ ፈራሚ አይደሉም፤ እሳቸው እንዲያርፉ እንፈልጋለን። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለሰጪዎችም ይላካል። የወሰዱት ተማሪዎች ስም ግን አይወጣም።

አሁን የሚያስፈልገን በቅድሚያ የኪራይ ቀብድ ነው። አከራዮች የወራት ክፍያ በአንድ ላይ ስለሚጠይቁ የመጀመሪያው ብር በሙሉ ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እንደ እድር በየወሩ የሚዋጣ ቢሆን እንመርጣለን። በወር 100 ብር የሚሰጥ ሰው አንዴ 1,000 ብር ሰጥቶ ከሚጠፋው ይልቅ ይጠቅመናል። ኪራይ ወር ጠብቆ ይመጣልና። አንዴ ብቻ መስጠት የሚችልም ያለውን ይስጥ፣ አናፍርበትም።

ብር የሌለው በዕቃ ይርዳን። ጠረጴዛ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ዲቫይደር፣ የሚሠራ ፕሪንተር፣ ቶነር፣ ፔርሙዝ። «የሚሠራ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ የተበላሸ ፕሪንተር ከወዲሁ ሁለት ተሰጥቶናል። መዝገበ ቃላትና የምርምር ዘዴ መጻሕፍት እንቀበላለን። የድሮ ወርክሺት ግን በቃን። አናጢ ወይም ቀለም ቀቢ የሆነ ወዳጅ ካለ አንድ ቅዳሜ ይበቃናል። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት መጥታችሁ አንድ ረቂቅ ብታነቡ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ስጦታ የምንመርጠው እሱን ነው። ውጭ ሀገር ያላችሁም ረቂቅ ይላክላችኋል፤ በእርሳስ ባይሆንም በኮምፒውተር ታርማላችሁ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ክፍሉን ለመክፈት አስበናል። ቀብዱ ካልሞላ የሐሙሱን ንባብ ፈቃደኛ በሆነ ሰው ሳሎን ውስጥም ቢሆን እንጀምራለን። በዚያ ጊዜም የተዋጣው ብር ለፕሪንትና ለጥረዛ ይውላል።

የሒሳብ ቁጥሩን ከየባቻችሁ ተጠሪ በአካል ወይም በምታውቁት ስልክ ተቀበሉ። በጅምላ አንልክም። በማታውቁት ስልክ ደውሎ ወይም ቴክስት ልኮ በፕሮፍ ስም ብር የሚጠይቅ ካለ፣ ታመሙ ቢላችሁ እንኳ፣ እኛ አይደለንምና አትላኩ።