የማሽኑን ፊት ብቻ አታሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በገዛ እጃቸው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን) ስለሠሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደስ ብሎኛል። ፎቶው ላይ ግን የሚታየው የማሽኑ ፊት ብቻ ነው። ሽቦው የታጨቀበትን ሳጥን አላየነውም። እኔን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሳጥን ነው።

ኮተቤ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን ራሴ ገጣጠምኩ። መቆጣጠሪያው አርዱይኖ ኡኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ሶፍትዌሩ ጂአርቢኤል፣ ሞተሮቹን የሚነዱት ደግሞ ቲቢ6600 ድራይቨሮች ናቸው። ሥራ ሲጀምር አሥር ደቂቃ ሳይሞላው "አላርም 1" ብሎ ቀጥ ይላል። ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚያቆመው ማብሪያ ማጥፊያ) ተነካ ማለቱ ነው። ሊሚቱ ያለው ሐዲዱ ጫፍ ላይ፤ ማሽኑ የቆመው ጠረጴዛው መሃል! አንድ የዋንዛ በር ተበላሸብኝ።

አርዱይኖ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በንዴት ኃይል ሳላቋርጥ የሞተሩን ገመድ ነቅዬ አንድ ድራይቨር አቃጠልኩ። ወዳጆቼ "ሊሚቱን ከሴቲንግ አጥፋው" አሉኝ። እሺ አላልኩም። እሱን ካጠፋሁ ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ ምን ያቆመዋል?

በመጨረሻ ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ሞተር) አጥፍቼ ያንኑ ፋይል ያለ እንጨት አስኬድኩት። አንድም አላርም የለም። ስፒንድሉን አብርቼ ደገምኩት። አራት ደቂቃ አልቆየም። ያኔ ገባኝ፤ ቦርዱ ጤነኛ ነው። የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው። ረብሻው አጠገቡ ወዳለ ቀጭን ሽቦ ይገባል። እኔ ደግሞ ሥርዓት እንዲይዝ ብዬ የሊሚቱን ሽቦ ከስፒንድሉ ኬብል ጋር አንድ ላይ አስሬዋለሁ።

ለያየኋቸው። የሊሚቱን በሺልድ ኬብል (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን ባለው ሽቦ) ቀየርኩ፤ ሺልዱን በሳጥኑ በኩል ብቻ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር አገናኘሁ። አርዱይኖው መግቢያ ላይ ረብሻውን የሚያጣራ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ። አላርሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የቀረውን ያገኘሁት የግድግዳውን ሶኬት ስፈታ ነው። ከፊት የኧርዝ ምላስ አለው። ከኋላው ምንም ሽቦ አልታሰረበትም። የማሽኑን ብረት ስነካ ነዘር ያደርገኝ ነበር እኮ! ወራት ሙሉ ችላ አልኩት። ረዳቴ ቀኑን ሙሉ የሚደገፈው ያንኑ ብረት ነው። ሳስበው አሁንም ይሰቀጥጠኛል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ኧርዝ አስቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ አላርምም፣ ንዝረትም የለም።

እናም ልመናዬ ይህ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ስታቀርቡ ሳጥኑን አስከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። "ኧርዙ የት ነው የሚሄደው?" ብላችሁም ጠይቁልን። የኔን የሽቦ ንድፍ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ፤ ቦታ ካገኛችሁ አትሙት።

አንድ አናጺ፣ ከኮተቤ