ሐጂ ያዩት ደመናውን ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ጅማ ውስጥ ስለተቀረጸ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ሰፊ ጽሑፍ አስነብቦናል። ጸሐፊው የጅሬንን ኮረብታ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና የተወዛዋዦቹን አልባሳት አድንቋል። በመጨረሻም አንድ አዛውንት በቪዲዮው ማዘናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ፣ የሥራው ባለቤት «ፈቅደው ነው የተቀረጹት፤ ያልተናገሩትን አላናገርናቸውም» ሲል የሰጠውን መልስ ሳይመረምር አልፎታል። በዚህ መልስ አልስማማም። የሠርግ ቪዲዮ ሳቀናብር 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ሰውን ያላለውን ማስባል ያለ አንድ ቃልም እንደሚቻል በየቀኑ በእጄ የማየው ነገር ነው።

አዛውንቱ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ ልጥራቸው። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ቡናቸው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ከሰዓት በኋላ ያልተጠበቀ ደመና መጣ። በመድረቅ ላይ ያለ ቡና ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፣ የዓመት ልፋት ነው። ሐጂ ሸራውን ያልብሱት ወይስ ይቆዩ እንደሆነ ለመወሰን ቀና ብለው ሰማዩን ሲቃኙ፣ ካሜራ የያዙ ወጣቶች ደርሰው «አባታችን፣ እንቅረጽዎት?» አሏቸው። «ቅረጹ» አሉ። ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ደስ አላቸው፤ ያችም ፈገግታ ተቀረጸች።

አሁን ቪዲዮውን እንመልከት። ሐጂ ቀና ብለው ያያሉ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት በእንጨት ሰገነት ላይ ስትወዛወዝ፣ ወገቧ ብቻ ከታች ወደ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከዚያ ወደ ሐጂ ይመለሳል፤ ፈገግ ይላሉ። ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሰከንድ አይሞላም። በእነዚህ ስድስት ሰከንዶች ግን ሰላሳ ዓመት የሰፈር ሽማግሌ ሆነው ሰው ያስታረቁ አባት የሰው ጥርስ ውስጥ ገቡ። ደጃፋቸው ላይ መቀመጥ ትተዋል። በስልኬ ሳሳያቸው ሁለት ጊዜ አስደግመው አዩና «ልጄ፣ እኔ ይህችን ልጅ የት ነው ያየኋት?» ብለው ጠየቁኝ።

የትም አላዩዋትም። ቪዲዮውን ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ምስል በምስል ተመለከትኩት። ሐጂ ፊት ላይ ጥላ የለም፣ ሰማዩ ተሸፍኗልና፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ነፋስ ያነሳዋል። ልጅቷ ያለችበት ሰገነት ላይ ግን የቋሚዎቹ ጥላ ከሥራቸው አጥሮ ይታያል፤ ቀትር ነው። ከኋላዋ ያለው ዛፍ አንድ ቅጠሉ እንኳን አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ቀረጻዎች የአንድ ሰዓት አይደሉም፤ የአንድ ቀን መሆናቸውንም እጠራጠራለሁ። ቀለማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ልዩነቱ ተሸፍኗል። እርሳቸው ሽቅብ ማየታቸውና እርሷ ከታች መቀረጿ ደግሞ ሁለቱን አገናኛቸው። ሰው ሲያይ ካየን በኋላ የሚመጣውን ምስል «ያየው ይህንን ነው» ብለን መቀበል የሁላችንም ተፈጥሮ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ፣ ኢቫን ሞዡኺን የተባለውን ተዋናይ አንድ ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከአንዲት ሴት ምስል ጋር በየተራ ቀጣጠለው። ተመልካቾቹ ተዋናዩ ረሃብን፣ ሐዘንንና ፍላጎትን እንዴት አድርጎ እንደሚጫወት አደነቁ ይባላል፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክም በ1964 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ቀርቦ በራሱ ፊት አሳይቷል፦ ሕፃን የታቀፈች እናት አይቶ ፈገግ ሲል ደግ ሰው ነው፤ የእናቲቱ ምስል ወጥቶ በዋና ልብስ ያለች ወጣት ስትገባ ያው ፈገግታ የባለጌ ሽማግሌ ይሆናል። ሐጂ ላይ የተሠራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሂችኮክ በራሱ ፊት መሥራቱ ነው።

በሙዚቃ ቪዲዮ ነገሩ ይበረታል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ዘፈን ከምት እስከ ምት ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው። ምስሉ ልክ ከበሮው ሲመታ ከተቀየረ፣ ዓይን «እነዚህ ሁለት ሰዎች የት ተገናኙ?» ብሎ ሳይጠይቅ ትከሻ ይነቀነቃል። በዝምታ ቢታይ የሚያጠራጥረውን ቅጥልጥል ከበሮው ያሳልፈዋል።

እኔም በዚህ ኃይል እጠቀማለሁ። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት የካሜራው መብራት አስቸግሯቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ያንን ምስል ልጃቸው ጉልበታቸውን ከሳመችበት ቀጥሎ አስገባሁት። ለቤተሰቡ ከማስረከቤ በፊት አባትየውን ጠርቼ ለብቻቸው አሳየኋቸው፤ «ያን ዕለት እንባዬን ውጬው ነበር እንጂ እንደዚህ ነበርኩ፤ ተወው» አሉኝ። «አይሆንም» ቢሉኝ አወጣው ነበር። ፊቱ የእርሳቸው ነው፤ ከጎኑ የሚቀመጠውን ደግሞ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሐጂ የፈቀዱት ፊታቸው እንዲቀረጽ ነው። ከምን ጎን እንደሚቀመጥ የጠየቃቸው የለም።

የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ካሜራውና ስለ አልባሳቱ የሚጽፈውን ያህል ምስል ከምስል ጋር እንዴት እንደተያያዘም ቢመለከት፣ ያን መልስ በዝምታ አያልፈውም ነበር። የቪዲዮውን ባለቤቶች የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ቀረጻም አያስፈልገውም። ቪዲዮው ሲጀምር በአልጋ ላይ የተሰጣው የሐጂ ቡና ከነደመናው ለአራት ሰከንድ ያህል ይታያል። የልጅቷን ምስል ከመካከል አንሥታችሁ ያንን አስገቡት። የሐጂ ፈገግታ ባለበት ይቆይ።

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ
ጅማ