ስለ አባትህ ሞተር

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምህ? ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ እናትህን አይቻቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ጨዋታቸው እንደ ድሮው ነው።

ሦስት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት በሥራ ብዛት አይደለም። አፍሬህ ነው። ስትሄድ የአባትህን ሆንዳ ሞተር ብስክሌት "አደራ" ብለህ ቁልፉን አስጨበጥኸኝ። እኔ የመጀመሪያውን ክረምት እንኳ በወጉ አልጠበቅኋትም። ቤንዚን እንዳላት ሸራ ጣል አድርጌባት ረሳኋት። ከዚያ በደወልህ ቁጥር "ሞተሯስ?" እንዳትለኝ እየፈራሁ ስልክ ማንሳት ተውሁ። አደራ በላ ሆንሁብህ፤ ይቅር በለኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣታለሁ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ፒስተኑ አልተጣበቀም፣ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል። የተጎዱት ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡራተሮች ናቸው። የታችኛውን ሳህን ስከፍት ቤንዚኑ ደርቆ እንደ ሙጫ ተጋግሯል። አባትህ ያሳየንን ነገር ሞከርሁ። የካርቡራተሯን ፒስተን በጣት ወደ ላይ ገፍቶ መልቀቅ፣ ታስታውሳለህ? የቀኟ ቀስ ብላ ወረደች። የግራዋ ቷ ብላ ወደቀች። ከፒስተኗ ጋር የተያያዘችውን ስስ ጎማ አውጥቼ ወደ ሐይቁ ብርሃን ስዘረጋት መርፌ የወጋት የሚመስል አራት ቀዳዳ አየሁ። በዚያ አየር ከገባ ፒስተኗን ወደ ላይ የሚስባት የለም። ነዳጅ ስትሰጣት የግራው ሲሊንደር አይከተልም።

መጀመሪያ ቸኩዬ ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ሁለት የቻይና ካርቡራተር ገዛሁ። ርካሽ ነበሩ፤ ግን የሁለቱ መርፌ ርዝመት እንኳ አንድ አይደለም። እሷ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ነው ያላት። ሁለቱ እኩል ካልተነፈሱ ትንቀጠቀጣለች። ተውኋቸው።

ብዙ ሰው የሚመክረው ባለ 30 ሚሊሜትሩን ሚኩኒ የሚባለውን የጃፓን ካርቡራተር ነው። ጎማ የለውም፤ ፒስተኑን የሚያነሳው የነዳጅ ሽቦው ራሱ ስለሆነ የሚቀደድ ነገር የለበትም። ጄቱም፣ ማለት ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ በየቁጥሩ ይገኛል። ልቤ ወደሱ አዘንብሎ ነበር። ግን እኛ ያለንባት ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ከፋብሪካ እንደ መጣ ብንገጥመው ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላው ጥላሸት ይሆናል። ጄቱን ለባሕር ዳር ብናሳንሰው ደግሞ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል፣ ደብረ ታቦር ስትወጣ ይበዛባታል። የራሷን የድሮውን ካርቡራተር፣ የኬይሂኑን፣ ፒስተን ግን የሚያነሳው ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። ከፍታው ሲቀያየር ከሚኩኒው ይልቅ ይችለዋል። አባትህ ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያንን ቁልቁለትና ዳገት ካርቡራተር ሳይነኩ ይሄዱ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ኬይሂኖቹን ማዳን ነው። ገላቸው ጤነኛ ነው። የሚያስፈልገን ሁለት ጎማ ከነፒስተኑ፣ የሳህኖቹ ማሸጊያ ጓርኒሲዮንና ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ብቻ ነው። ጄት አትግዛ። ከጥገና ኪት ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልኩን አይጠብቅም። የራሷን የነሐስ ጄቶች በዘጌ ሎሚ ቀቅዬ አጽድቻቸዋለሁ። ወደ ሰማይ ሳነሣቸው ቀዳዳቸው ጥርት ብሎ ይታያል።

እዚያ ጀርመን ፈልግልኝ። እሷ የ1971 ሲቢ 350 ናት፣ በፈረንጆቹ። ካርቡራተሩ እንደ ሞዴሉ ዓመት ስለሚለያይ ገላው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሥቼ ልኬልሃለሁ፤ ከእሱ ጋር አመሳክር። ገንዘቡን ለእናትህ እሰጣለሁ።

ሞተሯ ግን ያንተ ናት። ሚኩኒ ይግባላት ካልህ ሚኩኒ እገጥምላታለሁ። ደውልልኝ፤ ማታ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል። አነሳለሁ።

ያንተው፣
ከጣና ዳር