የጠዋቱ ወንበርና የማታው ወንበር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሙስ ዕለት ስልኩን የዘጋሁብሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። አንቺም ስለገባሽ መልሰሽ አልደወልሽም። በስልክ አንዳችን ስንናገር ሌላችን ስለምናቋርጥ፣ ይኸው እንደ ድሮው በወረቀት ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ያልሽኝን ልድገመውና ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን እንድትሠሪለት ጠይቆሻል። ክፍያው በወር ሳይሆን ከሠራሽው ሥራ በመቶኛ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም አላልኩም። ቀጥሎ ግን ባለቤቱ “ከሆስፒታልሽ ሕመምተኛ ይዘሽ ከመጣሽ መቶኛው ከፍ ይላል” እንዳለሽ እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ስልኩን የዘጋሁት እዚያ ላይ ነው።

አንቺ ጥርስ ታያለሽ፤ እኔ 27 ዓመት ሙሉ በካርድ ክፍል መስኮት ያየሁት እጅ ነው። ፊቱን በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይሸፍነዋል፤ በቀዳዳው የሚገባው እጅ ብቻ ነው። የጥርስ ሕመምተኛን በእጁ አውቀው ነበር። አንዱ እጅ ብር ይዞ ይገባል፤ ሌላው ጉንጭ ደግፎ ስለሚቆም ጨርሶ አይታይም። ሌሊቱን ስላልተኛ ቀድሞ የሚሰለፈውም እርሱ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ይቆማል። የጥርስ ክፍሉ በቀን የሚያየው ሰው የተወሰነ ነው፤ ቁጥሩ ሲሞላ “ለዛሬ አልቋል” የምለው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ አይሰደብም፤ የሚሰደበው መስኮቱ ነው።

አሁን ስለ ቀኝ መንጋጋዬ ልንገርሽ። ጥርሱ እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ አንቺው ራስሽ አፌን አይተሽ “ይህ ጥርስ መዳን ነበረበት” ብለሽ ተቆጥተሽኛል። እንዴት እንደተነቀለ ግን ነግሬሽ አላውቅም።

2009 ዓ.ም. ነው። አንቺ ጅማ ሁለተኛ ዓመት ነበርሽ። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከስኩ፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ በጥጥ የነከርኩት አረቄ። ድዴ ተላጠ እንጂ ሕመሙ አልበረደም። በሦስተኛው ቀን ከምሠራበት ሌላ ወደሆነ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ፤ ባልደረቦቼ ፊት አፌን ከፍቼ ማልቀሱን ጠላሁት። እኔም በተራዬ እጄን በሰው መስኮት አስገባሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትሑትም ነበር። የመስታወቱን እጀታ ገልብጦ ጥርሴን መታ መታ ቢያደርገው ከወንበሩ ዘለልኩ። “ይድናል” አለኝ። ደስ አለኝ። “ግን እዚህ አይድንም። የራጅ ማሽኑ ከተበላሸ ወራት ሆኖታል፤ የሥር መሙያውም የለም። እዚህ የምንችለው መንቀል ነው። ማዳን ከፈለጉ ማታ እዚህ ይምጡ” ብሎ ከጋዋኑ ኪስ ትንሽ ካርድ አወጣ። የክሊኒክ ስም ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ የእርሱ ስም።

ያ ልጅ አልዋሸኝም። ራጁ መበላሸቱን በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይናገራል። ነገር ግን ካርዱን ካየሁ በኋላ ያለኝን ሁሉ መጠራጠር ጀመርኩ። ማሽኑ ለምን ወራት ፈጀ? የጥገናውን ጥያቄ የሚጽፈው ማን ነው? ቢጠገንስ ገቢው የሚቀንስበት ማን ነው? ጥያቄዎቼ ሁሉ ከንቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ተንጋልዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ መብራት ዓይኔ ላይ በርቶ ማንን ልጠይቅ?

ዋጋውን ብጠይቀው የሁለት ወር ደመወዜ ሆነ፤ ያውም በላዩ የሚለብሰው ክዳን ሳይጨመር። “ይንቀሉልኝ” አልኩት። መርፌውን ቀስ ብሎ ወጋኝ፤ ከንፈሬ እስኪደነዝዝ ታግሦ ጠበቀ። እጁ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ጥርሱን ለምኜው ወሰድኩት። እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ በመድኃኒት ብልቃጥ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱም ሥሮቹ እንደ ችካል የጠነከሩ ናቸው፤ አናቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ የምስር ፍሬ ታህላለች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በትምህርትሽ ታውቂዋለሽ፤ የላይኛው ጥርስ ተጣማጁን ሲያጣ ወደ ባዶው ወረደ፣ የጎኑ ዘመመ። ቆሎ በግራዬ ብቻ ነው የምቆረጥመው።

አሁን ደግሞ ለዚያው ልጅ ልከራከርለት።

ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ፣ የቤት ኪራይሽም ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ቀንሼ የሚቀረውንም አውቃለሁ። ባለፈው ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ስልክሽ አልነሣ ባለ ቁጥር የደም ግፊቴ እንዴት ይወጣ እንደነበር እኔና ጎረቤቶቼ ነን የምናውቀው። የጠየቃችሁት ትክክል ነበር። በቀን ያን ሁሉ አፍ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የሚውል ሰው በወሩ መጨረሻ ከእናቱ ጤፍ መጠበቅ የለበትም።

ዕቃውንም ቢሆን የሚያጠፋው ሐኪሙ አይደለም። ማደንዘዣው፣ መርፌው፣ መሙያው፣ ሥር የምትጠርጉበት ያ ቀጭን ሞረድ፣ ሁሉም ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የግሉ ክሊኒክ ዋጋውን ጨመረ። የመንግሥቱ ሆስፒታል ግን አስቀድሞ በተያዘ በጀት፣ በጨረታ፣ በፊርማ ላይ ፊርማ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ የካርዱ ዋጋ ባለበት ቆየ፣ ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ ጠፋ። ጓንት ከራስሽ ኪስ እንደገዛሽ ያጫወትሽኝ ያኔ አይደለም?

ሕመምተኛውም ጻድቅ አይደለም። በመስኮቴ ያለፈው ሰው ገሚሱ ጥርሱ ዓመት ሙሉ ሲያስጠነቅቀው ቆይቶ ጉንጩ ሲያብጥ የሚመጣ ነው። መጥቶም “ንቀሉልኝና ልገላገል” ይላል። አንዳንዱ እንዲሞላለት ቢለመን እንኳ ሁለተኛ ቀጠሮ ስለማይመጣ መንቀሉን ይመርጣል። አንድ ጊዜ ሥራ ያስፈቅዳል፣ ሁለት ጊዜ ግን ያስባርራል፤ የቀን ሠራተኛ ምን ያድርግ!

የግል ክሊኒክ ሁሉ ዘራፊ ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እኔ እንዲያ አልልም። እዚህ አደባባዩ አቅራቢያ ያለው ቤት ስትገቢ “እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ” ይሉሻል፤ ዕቃውን ፊትሽ ከታሸገበት ይከፍታሉ፤ ቀጠሮው በሰዓቱ ነው። ይህን መስተንግዶ ከእነርሱ ብንማር ኖሮ እኔም በመስኮቴ ያን ያህል ባልተሰደብኩ ነበር። ግን እዚያው ብሎካችን የምትኖር አንዲት ሴት በአንዱ ክሊኒክ ስድስት ጥርስ ይሞላ ተብላ፣ በሌላው ሁለት ብቻ ተባለች። የምታምነው ጠፍቷት እኔን አፌን እዪልኝ ልትለኝ ምንም አልቀራትም፤ የሐኪም እናት መሆን ሐኪም ያደርጋል መሰላት። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ጥርስ ሲቆጥር ቁጥሩ ይበዛበታል፤ ይህን ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ልንገርሽ ያልቻልኩት ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሆስፒታል የግል ሕክምና ክፍል የተባለው ሲከፈት፣ ከ11 ሰዓት በኋላ መስኮቱ ያው፣ እኔም ያችው፣ ወንበሩም ያው ነበር፤ የተለወጠው የካርዱ ዋጋ ብቻ ነው። የታሰበው ለበጎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ለቀው እንዳይሄዱ እዚያው ትርፍ ሰዓት ሠርተው እንዲጠቀሙ። አንድ ቀን ማታ አንድ ሽማግሌ ብራቸውን ዘረጉልኝ። እጃቸውን አወቅኩት፤ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። ጠዋት “ለዛሬ አልቋል” ብዬ የመለስኳቸው ናቸው። ካርዱን ቆርጬ ስሰጣቸው ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አዩኝና “ልጄ፣ ጠዋት ያለቀው ምን ነበር?” አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ዝም አልኩ። ቢሆንም እዚያ ቢያንስ ደረሰኝ ነበር፤ ገንዘቡ ወዴት እንደገባ በመዝገብ ይታወቃል። የኪስ ካርድ መዝገብ የለውም።

ነገሩ የእኛ ድህነት ብቻ ያመጣው እንዳይመስልሽ። እንግሊዝ ያለችው አክስትሽ ለመንግሥቱ የጥርስ ሐኪም ለመመዝገብ ስትዞር ከርማ በግል ከፍላ ታከመች። እዚያ በ1948 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጥርስ ሕክምናው በነጻ ተጀምሮ፣ ገና በ1951 ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ተጣለበት፤ በዚያ ሰበብ አንድ ሚኒስትር ሥልጣኑን ለቀቀ። በፈረንጆቹ 2006 ደግሞ ለሐኪሞቹ አዲስ ውል መጣና፣ አንድ ጥርስ ለሞላውም ብዙ ጥርስ ለሞላውም ክፍያው እኩል ሆነ። ታዲያ ብዙ ጥርስ የተበላበትን ሰው ማን ይፈልገዋል? ሐኪሞቹ ወደ ግል እያደሉ ሄዱ። አክስትሽ ይህን ስትነግረኝ “እናንተም ጋ?” ብዬ ሳቅሁባት፤ ደስ አላላትም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ማታ ሥሪ። ቅዳሜንም ሥሪ፤ እሑድን ብቻ ለእኔ ተዪልኝ። እጅሽ ጥሩ ከሆነ ሰው ራሱ ፈልጎ ይመጣል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በጠዋቱ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተንጋለለ ሰው፣ ማታ የት እንደምትሠሪ ከአንቺ አፍ አይስማ። መቶኛው ይቅርብሽ። ዕቃ ከሌለ ወደ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፊለት። ማሽን ሲበላሽ ደግሞ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ቀሪውን በእጅሽ ያዢ። ይህ የካርድ ክፍል ሰው ምክር ነው፤ ባለሥልጣን የሚፈራው ቀሪ ወረቀት ብቻ ነው።

“እማዬ፣ ሰውየው የትም ቢሄድ ይከፍላል፤ እኔ ጋ ቢመጣ እንዲያውም አስቀንስለት ነበር” ትዪኝ ይሆናል። ሐሙስ ሌሊት ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። ሙሉ መልስ የለኝም። ምናልባት ያ ወጣት ሐኪምም ያሰበልኝ እንዲህ ነበር። እኔ የማውቀው፣ ያቺ ካርድ ከኪሱ ከወጣች በኋላ እውነቱንም ሲነግረኝ አላመንኩትም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የብሎካችን ጥበቃ ባለቤት ናት። የታችኛው ግራ መንጋጋዋ ቀዝቃዛ ሲነካት ያዘልላታል፤ ሌሊትም እየቀሰቀሳት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮዋን ከፍላለች፣ ከጤና ጣቢያውም ሪፈር አጽፋለች። መድኅኑ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደማይሸፍን ታውቂያለሽ፤ ይህ ከተነቀለ የሚተካላት የለም። እኛ ደመወዝተኞቹማ ለእኛ የታሰበው የጤና መድኅን አዋጅ በ2002 ወጥቶ፣ እኔ በ2011 ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልተጀመረም ነበር። እርሷ ቢያንስ ደብተር አላት።

ሐኪም መሆንሽን ታውቃለች። ማታ ሌላ ቦታ ልትሠሪ መሆኑን ግን አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት። በተራዋ ካርድ ታውጣ፤ የእኔ ሰው ናት ብለሽ አታስቀድሚያት። ሩት ካናል ለምትሉት፣ ሥሩን ጠርጎ ለመሙላት፣ የሚሆነው ዕቃ ካለ ሥሪላት። ከሌለ የለም በያትና መቼ እንደሚመጣ ጠይቀሽ ቀኑን በወረቀት ጻፊላት፤ በቃሊቲ በኩል ሁለት ታክሲ ይዛ ትመለሳለች። የዛሬውን መሳፈሪያ ሰጥቻታለሁ።

በፌስታሉ ውስጥ ከላይ ያለው ሽሮ የአንቺ ነው። በርበሬውን ለአከራይሽ ስጪልኝ፤ ባለፈው ወር ኪራይ ስታዘገዪ ታግሠውሻል።

እናትሽ