ስለ ቡችላው

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቋ መነጽር ታዘዘላት፤ ትንሹ በሂሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ፤ ለአያቴ ንገርልኝ ብሎኛል። ከዚህ ደሴ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጅዎ መድረስ ስችል ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። ፊት ለፊት ስንቀመጥ የመጣሁበትን ሳልናገር ስለምመለስ ነው።

ስለ ቡችላው ልጀምር። "ቤቴን አገማው፣ መልሰህ ውሰደው" ማለትዎን ሰምቻለሁ። ቡቺ ገና ሦስት ወሩ ነው። በዚህ ዕድሜው ሽንቱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲታገሥ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ ነው። እትዬ እንደነገረችኝ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሽተው በተጠቀለለ ጋዜጣ መተውታል። አባባ፣ እባክዎ ይህን አይድገሙት። ከሸና በኋላ ሲመቱት ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ የሚገባው እርስዎን መፍራት እንዳለበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተደብቆ አልጋ ሥር ይሸናል።

ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ያውጡት፤ ጓሮ ያለችው ጽድ ሥር ይሁን። ዝም ብለው ይቁሙ። ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው፣ ወደ ቤት ሳይመለሱ፣ ቁራሽ ዳቦ ይስጡትና "ጎበዝ" ይበሉት። ቤት ውስጥ የሸናበትን ደግሞ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጣ እትዬ ትጠበው፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። ሌሊት የሚያለቅሰው እናቱንና ወንድሞቹን ፈልጎ ነው። ሳሎን ብቻውን አይዝጉበት፤ ካርቶኑን ከአልጋዎ አጠገብ ያድርጉለት። እማዬ ካረፈች ወዲህ በዚያ ክፍል ሌላ የሚተነፍስ ነገር መኖሩን እኔም እወደዋለሁ።

ሲቆጡት እግርዎ ሥር ሽንቱን ጠብ እንደሚያደርግ ነግረውኛል፤ "ንቀት ነው" አሉኝ። ንቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ጆሮውን ለጥፎ፣ ጭራውን እግሩ መካከል ከትቶ የሚሸና ቡችላ "ትንሽ ነኝ፣ ማረኝ" ማለቱ ነው። በጮኹበት ቁጥር ይብስበታል። ጎንበስ ብለው፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ እጅዎን ከጎን በኩል ያስሽትቱት፤ ቀስ በቀስ ይተወዋል።

ይህን ስጽፍ ያ ሰኞ ትዝ አለኝ። 1981 ዓ.ም. ነበር፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ፍራሼን አውጥተው ወደ መንገዱ በኩል አጥሩ ላይ አሰጡት። ሰኞ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ እያየው አለፈ። እማዬ "ጓሮ እናስጣው" ብላ ስትለምንዎ "ይፈር፤ ሲያፍር ይተዋል" አሉ። መሐሉ ላይ የነበረው ክብ፣ ቢጫው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ቡናማ መስመር፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከጥጡ ይወጣ የነበረው እንፋሎት፣ ሁሉም አሁንም ይታየኛል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስሜ "ሽንታም" ሆኖ ቀረ። አልተውኩም፣ አባባ። እርስዎ ጭነት ይዘው አሰብ ሲሄዱ ፍራሼ ይደርቅ ነበር፤ የመኪናዎን ድምፅ ከሰማሁበት ሌሊት ጀምሮ ይመለስብኝ ነበር። ይህን ለእማዬ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

በዚያ መንገድ ሙቀት ተቃጥለው ስድስታችንንም እንዳስተማሩን አልረሳሁም። አመሰግንዎታለሁ። ግን ያንን ፍራሽም አልረሳሁትም።

ጫማዎን ስለሚበላው ነገር። ከአራት ወሩ አካባቢ ጀምሮ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ይነቀላሉ፤ በምትካቸው 42 ይበቅላሉ፤ ስለዚህ ድዱ ያሳክከዋል። ጫማውን መደርደሪያ ላይ ያውጡትና የተቋጠረ ወፍራም ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርሰው ይስጡት። የዶሮ አጥንት ግን በፍጹም አይስጡት፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። እጅዎን ሲነክስ ጨዋታውን አቁመው ዝም ብለው ይነሡ፤ አፉን አይምቱት፤ የተመታ ውሻ የሰው እጅ ሲጠጋው ይደነግጣል። ጎረቤታችን ሼሁ ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ ሲወጡ እንዳይዘልባቸውና ልብሳቸውን እንዳይልስባቸው ይጠንቀቁ፤ እስኪለምድ ድረስ በእነዚያ ሰዓቶች በገመድ ይያዝ። እርስዎም ላይ ሲዘል ጀርባዎን ይስጡት፤ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ያሻሹት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰጃው ደርሷል፤ እኔ አስከትበዋለሁ።

አባባ፣ እትዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። እሷን አይቆጧት፤ አልቅሳ ነው የነገረችኝ። ሌሊት ተነሥተው አንሶላዎን ራስዎ በዚያ በረዶ ውሃ እንደሚያጥቡ፣ ጓሮ ገመዱ ላይ ከጋቢዎ ሥር ደብቀው እንደሚያሰጡት ነገረችኝ። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በዚህ ብርድ ብቻዎን፣ ያ ደረጃ እርጥብ ሆኖ፣ ከወደቁ ማን ይሰማዎታል?

በሽታ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ያበዛል፤ በዕድሜዎ ላለ ወንድ ፕሮስቴትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል ብላኛለች፤ እባክዎ ይጠጡ። አንሶላውን ለእትዬ ይስጧት። ማንም አያየውም፤ ማንም ምንም አይልም። እኔ አልልም።

ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ ከዚያ ቡቺን አስከትባለሁ። ከመኝታ ቤትዎ እስከ ጓሮው በር ያለውን የተቃጠለ አምፖል እቀይራለሁ፤ ደረጃው ላይ መያዣ ብረት የሚያስገባ ሰው ከዚህ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ሌሊት ሲነሡ ቡችላውንም ቀስቅሰው ይዘውት ይውጡ። በእርስዎ ሰዓት እሱም ይፈልጋልና አብራችሁ ተመለሱ። ሻሽዎንም ሳያደርጉ አይውጡ።

ልጅዎ