ልጆቹ ንግግር ሳይሆን ታሪክ ይጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የታሪክ መምህርት ነኝ። በቅርቡ ከታሪክ ፍትሕንና አንድነትን ስለ መማር በተዘጋጀ የተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ነበርኩ። የምጽፍላችሁ ስላላስቻለኝ ነው።

ከ60 በላይ ጽሑፎች አነበብን። ልጆቹ ቋንቋ አያንሳቸውም። ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። «አንድነት ኃይል ነው» ብሎ ይጀምራል፣ ጀግኖችን ያወድሳል፣ «እኛም ወጣቶች» ብሎ ይዘጋል። እነሱን አልወቅስም። እንዲህ እንዲጽፉ ያስለመድናቸው እኛ ነን።

አንድ ጽሑፍ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁ ሁለቱን ወንድ አያቶቹን ጠይቋል። መሬት ሲከፋፈል የእናቱ አባት ተወሰደባቸው፣ የአባቱ አባት ደረሳቸው። አንዱ ያን ቀን ዝርፊያ ይሉታል፣ ሌላው ፍትሕ። ልጁ የሁለቱንም ቃል እንዳለ አሰፈረ። ከዚያ «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ማን ልክ እንደሆነ ገና አላወቅኩም» ብሎ አቆመ።

የማርክ መስጫ ቅጹ 20 ነጥብ «ለአንድነት መልእክት»፣ 15 ደግሞ «ለማጠቃለያ» ይላል። ልጁ ከሁለቱም ላይ ወደቀ። ምርጥ አሥሩ ውስጥም አልገባም። ቅጹ ላይ እኔም ፈርሜያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በጀርመን ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፕሬዚዳንቱ ስም የሚካሄድ የተማሪዎች የታሪክ ውድድር አለ። ልጆቹ ለስድስት ወር ያህል የአካባቢያቸውን መዝገብ ያገላብጣሉ፣ አዛውንት ያነጋግራሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አና ሮስሙስ የምትባል ወጣት የፓሳው ከተማ በናዚ ዘመን ምን ትመስል እንደነበር ለዚሁ ውድድር ልትጽፍ ተነሣች። ከተማዋ ናዚዎችን የተቃወመች መስሏት ነበር። ስታጣራ ሌላ ነገር አገኘች። ሰነድ ሲከለክሏት ፍርድ ቤት ሄደች። በ1983 መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው፤ ማስፈራሪያም ደረሰባት። አስቡት፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ የተማሪዎች ውድድር ነው።

የውጫሌን ውል ሳስተምር በራሴ ክፍልም የማየው ነገር አለ። ስለ አድዋ ጀግንነት ስናገር ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል 17ኛ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥላቸው ግን ክፍሉ ይነቃል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። «ማን ተረጎመው? ማን ያውቅ ነበር?» ይላሉ። ስለ ፍትሕ ማሰብ የጀመሩት ያኔ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ቁስል መነካካት ይሆናል» ይለኛል። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ልጆቹ ቁስሉን ከቤታቸው ሰምተውት ነው የሚመጡት። ከእኛ የሚፈልጉት የሰሙትን የሚያጣሩበት መንገድ ነው። ያን ካልሰጠናቸው በእረፍት ሰዓት በወሬ ይጨርሱታል። የተበደለው ሰው ቃል ሳይሰማ የሚጻፍ የአንድነት መልእክት ደግሞ ለዚያ ሰው የልጅ ልጅ ምን ይለዋል?

ለቀጣዩ ውድድር አዘጋጆች የምለምነው ይህን ነው። ለልጆቹ የተሰጣቸው ሦስት ሳምንት አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ስጧቸው። ለመልእክቱ የተያዘውን 20 ነጥብ ለምርመራው አድርጉት። ማንን ጠየቅህ? የትኛውን ሰነድ አየህ? የማትስማማበትን ሰው ቃል ሳታጣምም ጽፈሃል? «ገና አላወቅኩም» ያለ ልጅም ነጥብ አይቀነስበት።

የዚያን ልጅ ጽሑፍ ቅጂ አስቀምጬዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ላገኘው ነው። ነጥቡ ለምን እንደቀነሰ ልነግረው ይገባል። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ አያቶቹ የጻፈውን አንብበውታል ወይ?

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የታሪክ መምህርት